የቀደመውና የቀረው ተማሪ

መከራ የሁሉንም ደጅ ይመታል፤ ነገር ግን ደጁ ሁሉ እኩል የጸና አይደለም። የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መታየቱ ከተነገረ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየማደሪያቸው ወጥተው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመለሱ። ወራቱም ሲረዝም፥ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይቀጥል በተባለ ጊዜ የተማሪው አሳብ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ዕድሜዬ በከንቱ አይለፍ ሲል፥ ሁለተኛው መብራትና ኔትዎርክ በሌለበት ቀበሌ ተቀምጬ ጓደኞቼ ጥለውኝ አይሂዱ አለ።

ይህን ሁለተኛውን ቃል የስንፍና ምልክት አድርገው የቈጠሩት ሰዎች አልታጡም። እኛ ግን ፍርዱ የተቻኰለ ይመስለናል። ሰነፍ የሚባለው ማዕድ ቀርቦለት እጁን የማይዘረጋ ነው እንጂ ማዕዱ ያልደረሰው አይደለም። በአንድ ማደሪያ ያደሩ፥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ ልጆች ወደየቤታቸው ሲገቡ አንዱን ኮምፒዩተር፥ ሌላውን እርሻና ከብት ይጠብቀዋል። ስልክ ቢኖረው እንኳ የካርዱ ዋጋ ከቤተሰቡ ጕሮሮ የሚነጠቅ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ የከተማውም ልጅ ያንኑ ችግር ቀመሰው።

ይሁን እንጂ የፊተኛውም ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሁሉም እኩል እስኪሆን ድረስ ማንም አይማር ማለት፥ አንዱ ጋን ባዶ ስለሆነ ሌላውን እንደ መድፋት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ እንዴት ይሁን? በእኛ አስተያየት ማስተማርና መፈተን መለየት ይገባቸዋል። ማስተማር መስጠት ነው፤ ዕውቀትም እንደ እህል ሲካፈሉት አያልቅምና ለአንዱ ቢሰጥ ከሌላው አይጐድልበትም። ፈተና ግን ማወዳደር ነው፤ የማዕረግና የሥራ በር የሚከፈተው በእርሱ ነው። ትምህርቱ ያልደረሰውን ከደረሰው ጋር አስተካክሎ መፈተን በሐሰት ሚዛን መመዘን ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጊዜ ትምህርቱ ይሂድ፤ ፈተናው ይጠብቅ እንላለን።

የቀደመውም ተማሪ ዕዳ አለበት። በአብነት ትምህርት ቤታችን ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ በማስቀጸሉም የራሱ ትምህርት ይጸናለታል። በኢንተርኔት የተማረውም ያገኘውን ጽሑፍ አሳትሞ ወይም በእጁ ገልብጦ ለባልንጀራው ቢያደርስ፥ ያልገባውንም ቢያስረዳው፥ ከራሱ የሚቀነስበት ነገር የለም።

ወደ ፊትም የትምህርት ቤትን በር የሚያዘጋ መከራ ቢመጣ፥ መምህሩም ሹሙም አስቀድሞ ያልደረሰው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ።