ስውር ካሜራና ኅሊና

ሰውን ሳያውቅ መፈተን ተገቢ ነውን? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ቢሆንም በዘመናችን አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል።

በአሜሪካ አገር መኪና ሻጮች፣ ቤት አከራዮችና ሌሎችም ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን መስተንግዶ ለማወቅ ሲሹ፣ ደንበኛ መስሎ የሚገባ ሰው በክፍያ ይልካሉ። የተላከውም ሰው አንዳንድ ጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስል ትንሽ ካሜራ ይለብሳል፤ ሽቦውንም በልብሱ ውስጥ አሳልፎ በኪሱ ከያዘው መቅረጫ ጋር ያገናኛል።

መሣሪያውን የሚመርጥ ሰው ብዙ ይጠይቃል። በደብዛዛ ብርሃን ፊት ይለያልን? ድምፁ ጥርት ይላልን? ባትሪው እስከ መጨረሻ ይቆያልን? ቁልፉስ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር ይመሳሰላልን? ካሜራው ዝቅ ካለ የሻጩን ሆድ እንጂ ፊቱን ስለማያሳይ፣ ጠንቃቃው ሰው አስቀድሞ በቤቱ ይሞክረዋል። ለዚህ ሁሉ ባለሱቁ መልስ አለው። «ላድርገውን?» ለሚለው ግን መልስ የሚሰጠው ኅሊና ነው።

ነገሩን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። አለቃ ሲመጣ ሁሉም ትሑት ነው፤ የዘወትሩ ጠባይ የሚታየው አለቃ በሌለበት ነው። ደግሞም በቃል የሚቀርብ ወሬ ሊያዳላ ይችላል፤ ምስሉ ግን በሐሰት የተከሰሰውን ሠራተኛ ነፃ ያወጣል።

ይሁን እንጂ ሻጩ እውነተኛ ደንበኛ መስሎት ጊዜውን ይሰጣል፤ በአጠገቡ የቆመው ገዢም ሳይጠየቅ ይቀረጻል። ሕጉም አንድ ዓይነት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ሕግ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ንግግርን መቅረጽ በጠቅላላው ይፈቅዳል። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ለምስጢራዊ ንግግር የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቃል። ሆኖም ሕግ የፈቀደው ሁሉ ቀና ነው ማለት አይደለም።

እስቲ ዮሴፍን እናስብ። ማንነቱን ሰውሮ ወንድሞቹን ፈተነ፤ ጽዋውንም በብንያም ስልቻ አስደበቀ። ነገር ግን ራሱን ሊገልጥ በወደደ ጊዜ ግብፃውያንን ሁሉ አስወጣ፤ ወንድሞቹንም በባዕድ ፊት አላሳፈራቸውም። የፈተናው ፍጻሜ ዕርቅና ዕንባ ሆነ። እንግዲህ ፈተናን የሚለየው መሰወሩ ብቻ ሳይሆን የሚደርስበት ግብ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ አራት ነገሮች ይጠበቁ። ሠራተኛው ሲቀጠር እንዲህ ያለ ፈተና እንዳለ ይነገረውና ይስማማ። ፈታኙ እንዲሳሳት አይገፋፋው። ካሜራው ወደ መጸዳጃና ወደ ልብስ መለወጫ ክፍል አይግባ። የተቀረጸውም ለብቻው ጠርቶ ለማረም እንጂ ለመሣቂያ አይዋል። ይህ ካልተጠበቀ ሥራው ወጥመድ ይሆናል።

በዚያ አገር በሱቅና በሆቴል የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ነገሩ ከእኛም አይርቅም። የሚታየውም የሚያየውም የእኛው ወንድም ወይም እኅት ሊሆን ይችላል። ካሜራ የአንድ ሰዓት ፊትን ይይዛል፤ ሌሊቱን የታመመ ልጅ ሲያስታምም ያደረውን ሰው ድካም ግን አይነግረንም። እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል፤ አይቶም ንስሐን ይጠብቃል። እኛም ወንድማችንን ስናይ በዚህ ዓይን ለማየት እንትጋ።