የልጅ ትምህርት ለወላጅ ዕድሜ ይሆናል ወይ?

ልጁን ያስተማረ ሰው ጧሪ አያጣም የሚለው እምነት በእኛ ገጠር ማስረጃ ሲጠየቅበት አይሰማም። ሕዝብ በበዛበትና መሬት ለልጅ ለልጅ ልጅ እየተከፈለ ባለቀበት በወላይታ፣ ትምህርት ቤት የተላከ ልጅ ከማሳው ይልቅ ተስፋ ይጣልበታል። ለደብተርና ለቤት ኪራይ በሬ ይሸጣል፣ መሬት በኮንትራት ይሰጣል። እኔ እምነቱን ጠበቅ አድርጌ ልመርምረው ፈለግሁ። ጧሪ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜ ማግኘት ሌላ። የተማረ ልጅ ያለው ሽማግሌ ልጆቹ ካልተማሩለት እኩያው ይልቅ ዘግይቶ ይሞታል ወይ? ከሆነስ ያቆየው ትምህርቱ ነው ወይስ ከትምህርቱ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ነገር?

ጥያቄውን ከዲምቱ ልጀምረው ብል መልስ የሚሰጠኝ መዝገብ አላገኝም። ዲምቱ ከብላቴ ወንዝ ወዲህ ባለው ቆላ የተቀመጠች፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ ሽማግሌ ሲሞት እድሩ ያውቃል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያውቃል፤ ቀበሌው ግን ሁልጊዜ አያውቅም። የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ቢመዘገብ እንኳ ዕድሜው አስቸጋሪ ነው። ሽማግሌው ልደቱን በጣልያን ጊዜ ይቆጥራል፤ በሕዝብ ቆጠራ ጊዜም የሽማግሌ ዕድሜ 60፣ 70፣ 80 ላይ ይከመራል። ስለዚህ ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ ሞተ የሚለውን በቁጥር ለማየት ወደ ሌላ አገር መሻገር ግድ ይለኛል፤ ለዚህ ደግሞ ከቻይና የተሻለ ቦታ የለም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 በ22 ክፍለ ሀገሮች የተጀመረ የአረጋውያን ጥናት አለ፤ መጀመሪያ 80 ዓመት ያለፋቸውን ይዞ ተነሣ፣ ኋላ ከ65 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ጨመረ፤ በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ይመዘግባል። የዕድሜ ነገርም እዚያ ይቀላል፤ የሃን ሕዝብ የተወለደበትን ዓመት በእንስሳ ስም ስለሚይዝ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት እንኳ የነብር ዓመት ልጅ መሆኗን አትስትም። ከሁሉ በላይ ግን ቻይና የምትጠቅመኝ በትውልዶቹ ርቀት ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ያላዩ ሲሆኑ ልጆቻቸው ግን ተምረዋል። አባትየው ማረሻ ይዞ የኖረበት፣ ልጅየው ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅበት የእኛ ቤትም መልኩ ይኸው ነው።

ከዚያ ጥናት የወጣው ውጤት እምነቱን የሚደግፍ ይመስላል። ከሽማግሌው ከራሱ ትምህርት ሌላ የቤተሰቡ አባላት ትምህርትም ከሞት መዘግየት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በታይዋን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ ጥናትም የልጆችን ትምህርት ከወላጆች ሞት ጋር አመሳክሮ ተመሳሳይ ዝምድና አሳየ። ግን መያያዝ ማስከተል አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ የሚነሣው። ልጁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰ አባት ማን ነው? ብዙ ጊዜ ጤነኛ የነበረ፣ ያልታመመ፣ በሬው ያልሞተበት፣ እርሻውን ጥሎ ያልተኛ አባት ነው። በሃምሳ ዓመቱ የታመመ ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ማሳ ላይ ያሰማራዋል። እንግዲህ የልጁ ትምህርት የአባቱን ዕድሜ አረዘመ ከማለት ይልቅ የአባቱ ጤና የልጁን ትምህርት አስገኘ ማለት የሚቀልል ነገር አለው፤ በቁጥር ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታ አንድ መንገድ አለ፤ ልጁ የተማረው በአባቱ አቅም ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ የሆነበትን ቦታ መፈለግ። ታንዛኒያ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ስታዳርስ፣ ትንሽ ቀድሞ በመወለዱ ያመለጠውና በጊዜው ደርሶ የገባው ልጅ በትምህርት ተለያዩ፤ ወላጆቻቸው ግን በሀብትም በጤናም የሚለያዩበት ምክንያት አልነበረም። የኋላ ኋላ ሲታይ የተማሩት ልጆች ወላጆች ወደ እርጅና የመድረስ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ1986 የዘጠኝ ዓመት የግዴታ ትምህርት ሕግ አውጥታ ነበር፤ ያንን ሕግ ተከትሎ የተደረገ ጥናት የልጆች ትምህርት የወላጆችን የማሰብና የማስታወስ ችሎታ እንደረዳ አሳይቷል። እዚህ ላይ ረካሁ ልል ስል ስዊድን ትመጣለች። በስዊድንም እንዲሁ የግዴታ ትምህርት ተራዝሞ ነበር፤ ነገር ግን በጠቅላላው ሕዝብ ሲታይ የልጆች ትምህርት በወላጆች ዕድሜ ላይ ያመጣው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የሚቃረኑ ማስረጃዎች ሲገጥሙኝ አንዱን መጣል አይቀናኝም፤ ምናልባት ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ምክንያት አለ። በስዊድን ሽማግሌው ጡረታው በስሙ ይመጣለታል፣ ሕክምናውም የማን አባት እንደሆነ አይጠይቀውም። በታንዛኒያ ገጠር ይህ ሁሉ የለም፤ ልጁ ካልሞላው ክፍተቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የልጅ ትምህርት ለወላጅ ሕይወት የሚሠራው መንግሥት በሳሳበት ቦታ ነው ብል ከሁለቱም ማስረጃ ጋር እስማማለሁ። ዲምቱ ደግሞ ለየትኛው እንደምትቀርብ መናገር አያስፈልግም፤ ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛው፣ ዘግይቶም ለግል ድርጅት ተቀጣሪው እንጂ ለገበሬው አልተሠራለትም።

ግን ትምህርቱ ምን አድርጎ ነው ሽማግሌውን የሚያቆየው? ገንዘብ ነው የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ የተማረ ደመወዝተኛ ነው፣ ደመወዝተኛ ይልካል። ሆኖም በታንዛኒያ የተስፋፋው ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ማለትም ሰባት ዓመት ብቻ ነበር። ሰባተኛ ክፍል የጨረሰ ገበሬ ያው ገበሬ ነው፤ ባለጸጋ አያደርገውም። የሰባት ዓመት ትምህርት ወላጅን ካቆየ ከገንዘብ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ታይዋን ላይ የታየ አንድ ዝርዝር ወደዚያ ይመራኛል። የሽማግሌው ጤና አስቀድሞ ተለይቶ ሲታይ፣ የልጆች ትምህርት ክብደቱ የጎላው አስቀድመው በታመሙት ላይ ነበር። ይህ ብዙ ይናገራል። በሽታን አስቀድሞ ማስቀረት የሽማግሌው የራሱ ኑሮ ሥራ ነው፤ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ስንት ዓመት ጭስ ባለበት ቤት ተኛ። ያ በአብዛኛው አልፏል። በሽታው ከመጣ በኋላ ያለው ጊዜ ግን የቤተሰቡ ሥራ ነው።

ይህን በቅርብ ለማየት የደም ግፊትን መውሰድ ይበቃል። ግፊቱ ከ140 በ90 በላይ ሆኖ የተገኘ ሽማግሌ ከጤና ጣቢያ ሲወጣ በእጁ ትንሽ የወረቀት ከረጢት ይዟል፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ 1×2 ተብሎ ተጽፏል። ያቺ ምልክት ላልተማረ ሰው ጭረት ናት። ጠዋት አንድ ማታ አንድ መሆኑ ቢነገረውም ኪኒኑ በወሩ ሲያልቅ መጨረሱን እንደ መዳን ይቆጥረዋል፤ ራስ ምታቱም ሻል ብሎታል፣ ለምን ደግሞ ይውሰድ? ግፊት የማይታይ በሽታ ነውና ሕመም ሳይኖር መድኃኒት መዋጥ ለገበሬ አእምሮ ቀርቶ ለማናችንም አይዋጥም። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ በወረቀት የተነጠፈ ነው። የጤና መድን ደብተሩ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ወደ ሶዶ ሆስፒታል የሚያስኬደው ሪፈር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ካርድ ክፍል ስም ይጠራል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ በቁጥር ይሰጣል። ሽማግሌው ምናልባት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን በግእዝ ፊደል ማንበብ ለምዶ ይሆናል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ያንኑ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይማራል። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል፣ የሐኪሙ ጽሑፍ በሌላ ቋንቋ! በዚህ መካከል ወረቀቱን አገላብጦ «አባባ፣ ይህ አይቋረጥም፤ ሳያልቅ እናመጣለን» የሚል ሰው መኖር አለመኖሩ ሽባ መሆንና አለመሆን ሊሆን ይችላል። ትምህርት የሚሠራው ይህን ነው የምለው፤ በሕመምና በእርዳታ መካከል ያለውን መንገድ ያሳጥራል።

እዚህ ስደርስ ግን የራሴ ክርክር ወደ ራሴ ይዞራል። የተማረ ልጅ እኮ ዲምቱ አይቀመጥም! ዲግሪ የያዘው ሐዋሳ ነው፣ አዲስ አበባ ነው፣ ከቀናውም ባሕር ማዶ ነው። ከረጢቱን ማን ያነብባል? ይህ ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል፤ የቻይናን ውጤት ሳላላምጥ ወደዚህ ማምጣት እንደማልችልም ያሳየኛል። በስልክ የሚደርስ ምክር አለ፣ በባንክ የሚደርስ ብር አለ። ነገር ግን ብሩ ኪኒኑ ባለቀ ዕለት አይመጣም፤ ልጁም አባቱን ደኅና ነህ ወይ ሲለው ደኅና ነኝ ይባላል፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ለሩቅ ልጁ መታመሙን አይነግርም፣ ያሳስበዋል ብሎ። እንግዲህ ክርክሬ መልኩን መለወጥ አለበት። ለሽማግሌው ሕይወት የሚቆጠረው በቤተሰቡ ውስጥ ያለው ከፍተኛው ትምህርት ሳይሆን በጓሮው የሚገኘው ትምህርት ነው። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ያገባች ምራት፣ አሥረኛ ክፍል የተወች ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አያቱ ዘንድ የሚያድር የልጅ ልጅ፤ እነዚህ ቤተሰቡ ሲመረቅ ፎቶ የማይሰቀልላቸው ናቸው። የልጅ ትምህርት ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ወደ ጋውኑ ይሮጣል፤ ሽማግሌውን ግን የሚያቆየው ጋውን ያልለበሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ተቃዋሚ ደግሞ አያቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅም ሳይኖራቸው መቶ ዓመት ኖረዋል ይለኝ ይሆናል። የምናስታውሰው የኖሩትን ነው፤ በአርባ ዓመታቸው በወባ የሄዱት የሚጠቅሳቸው የለም። መቶውንም ዓመት የቆጠረው መዝገብ እንዳልሆነ ከላይ ብያለሁ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ እውነት ከሆነ የሚያስከትለው ነው። የልጅ ትምህርት የወላጅን ሞት ካዘገየ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ወይም ልጁን ለማስተማር አቅም ያጣ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ አንዴ በድህነቱ፣ ሌላ ጊዜ በልጆቹ መሃይምነት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ተጽፏል፤ የቤተሰብ ሕጉም ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲጦር ያዛል። ሁለተኛው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ይልቅ በተግባር የሚሸከመው መብዛቱ ግልጽ ነው። የቤተሰብ ትምህርት ያደርጋል ያልሁትን ሥራ ግን ቤተሰብ ብቻ ሊያደርገው የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ሆነው የተመለመሉ ናቸው፤ ማለትም ከላይ ከገለጽኋቸው ምራትና ልጅ ጋር በትምህርትም በቅርበትም ተቀራራቢ ናቸው። ሥራቸው ሲታቀድ ዓይኑ በእናትና በሕፃን ላይ ነበር፤ ያ ትክክል ነበር፣ ሞቱ እዚያ ነበርና። አሁን ግን ከእነርሱ አንዷ በወር አንድ ቀን የሽማግሌዎችን ከረጢት እየዞረች ብታነብ፣ የልጅ አልባው ሽማግሌ ጉዳይ ከዕጣ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ክርክር ነው፤ ክርክር ደግሞ የሚፈተንበት ቦታ ይፈልጋል። ከወላይታ ጎረቤት በአርባ ምንጭ፣ ራቅ ብሎም በቡታጅራ፣ በየቤቱ ልደትና ሞትን የሚከታተሉ የምርምር ጣቢያዎች አሉ፤ የቡታጅራው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይሠራል። ሽማግሌ በሞተበት ቤት ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቁ ይበቃል፦ በሕይወት ያሉት ልጆችና ምራቶች ስንተኛ ክፍል ደረሱ? ከእነርሱስ በእግር የሚደረስበት ቦታ የሚኖረው የቱ ነው? እኔ እንደምገምተው አዲስ አበባ ዲግሪ ያለው ልጅ፣ ጓሮ ግን ማንም ያልተማረለት ሽማግሌ፣ አሥረኛ ክፍል የደረሰች ምራት አብራው ከምትኖር ድሃ ሽማግሌ አይበልጥም፤ እንዲያውም ቀድሞ ይሞታል። የተገኘው ተቃራኒው ከሆነ፣ የሩቁ ልጅ ብር ከቅርቧ ምራት ንባብ በልጦ ከታየ፣ ስለ ገንዘብ ያልሁትን ሁሉ እንደገና መጻፍ ይኖርብኛል።