አንድም የሚባልለት ፊልም

ልጆቼ ሆይ፣ ከትምህርትና ከሥራ በተረፋችሁ ሰዓት ፊልም ማየት እንደምታዘወትሩ አውቃለሁና፣ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ምክር ልለግሳችሁ ወደድሁ። «ሳይታይ መቅረት አይገባውም» እየተባለ ከሚወደሰው የባዕድ አገር ነባር ፊልም መካከል ዝናው ከመግነኑ በቀር ወደ ሰው ልብ የማይዘልቅ ብዙ አለ፤ እርሱን መዝለል ነውር አይደለም። የማይዘለለውን ለመለየት ግን እኔ የአብነት ትምህርት ቤታችንን ሥርዓት መለኪያ አድርጌ እይዛለሁ። የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ ምሥጢሩን ሲያመሰጥር በአንድ ፍች አይረካም፤ «አንድም» እያለ ሌላውን፣ ደግሞም ሌላውን ያወጣል፤ ንባቡም በየፍቹ እየጠለቀ ይሄዳል። ታሪኩ አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ እንኳ እንዲህ «አንድም» እየተባለለት የማይነጥፍ ፊልም፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ማየት ይገባል እላለሁ።

ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርብላችሁ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. በሮም ያዘጋጀውን «የብስክሌት ሌቦች» የተሰኘውን የጣልያን ፊልም ነው። እኛ የመቐለ ሰዎች ጣልያንን የምናውቀው፣ በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተከቦ ውኃ ቢቋረጥበት ለቆ እንደ ወጣ ጦር፣ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ቂሙን ቋጥሮ እንደ ተመለሰ ወራሪ ነው፤ ይህንንም መርሳት አይገባም። ፊልሙ የሚያሳየን ግን ያ ጦር ከአገራችን ከተባረረ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የዚያው ሕዝብ ድኻ በገዛ ከተማው እንጀራ ፍለጋ ሲንከራተት ነው።

አንቶኒዮ ሪቺ የተባለው አባወራ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፣ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ ቃል ሳታበዛ የአልጋውን አንሶላ ገፍፋ፣ ጠቅልላ፣ ወደ መያዣ ቤቱ ትወስደዋለች፤ ሠራተኛውም ያንን ጥቅልል ተሸክሞ እስከ ጣሪያ በተደረደረው መደርደሪያ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ከፍታ የሌሎች ድኾች አንሶላ መሆኑን እናያለን። ዴ ሲካ በዚህ ላይ አንዲት ቃል አልጨመረም። በ2014 ዓ.ም. ባንክ ተዘግቶ፣ ነዳጅም ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ከየቤቱ ምን እየወጣ ይሸጥ እንደ ነበር የሚያስታውስ የከተማችን ልጅ ይህን ትዕይንት ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆነውን ጸጋቡ ግርማይን ባፈራች ከተማም የብስክሌትን ክብር ማስረዳት አያሻም።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ አንቶኒዮ የሪታ ሄይዎርዝን ሥዕል ሲለጥፍ፣ ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከሕፃኑ ልጁ ከብሩኖ ጋር ሮምን ሲያስስ ውሎ ተስፋው ሲቆረጥ እርሱ ራሱ የሌላውን ብስክሌት ይሰርቃል፤ ይያዛል፤ ልጁ እያየ በጥፊ ይመታል። ባለንብረቱ ግን ሕፃኑን አይቶ ይተወዋል። ከዚያ አባትየው እንባው እየወረደ በሕዝቡ መካከል ሲሄድ ብሩኖ እጁን ይይዘዋል። ይህ ምንድን ነው? ሕፃኑ አባቱን ሲያጽናና ነው። አንድም፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሌላ የሚይዘው እጅ ስለሌለው ነው። አንድም፣ ካህን ለተነሳሒ እንደሚያደርገው ኃጢአቱን ሲፈታለት ነው። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱን የሚያፈርስ ማስረጃ በፊልሙ ውስጥ አላገኘሁም፤ የሥራው ታላቅነትም በዚህ ይታወቃል። ይህም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ አሜሪካዊው ዴቪድ ሴልዝኒክ ዝነኛውን ኬሪ ግራንትን ተዋናይ ካደረግህ ገንዘቡን እሰጣለሁ ቢለው፣ ዴ ሲካ እንቢ ብሎ ለአንቶኒዮነት የመረጠው ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለውን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ዝናው አስቀድሞ የሚፈታው ፊት ቢሆን ኖሮ ለአንድምታው ቦታ ባልቀረም።

እንግዲህ ስታዩት፣ ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነውና፣ ቆራርጣችሁ አትዩት፤ ቀለም የለውም ብላችሁም አትናቁት። ሰው የጻፈውን ትችት አስቀድማችሁ አታንብቡ። ከተቻለ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር እዩት፤ የችግርን ዘመን ያሳለፈ ሰው ከአንሶላው ላይ የሚያነበው እናንተ የማታነቡትን ነውና። ከጊዜ በኋላም ድገሙት።

ይህን ዓይን ካገኛችሁ በኋላ፣ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ለተመልካች ያበቃውን፣ ባልሠለጠኑ ተዋንያን በአማርኛ የተሠራውን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ፈልጋችሁ እዩ፤ መሬቱን ተነጥቆ እብድ የተባለው ከበበ ባላባቱን የሚገድልበትን ትዕይንትም፣ ፍትሕ ነው ወይስ በቀል፣ አንድም ሌላ ነገር፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተከራከሩበት።