የወደዱትን መዝጋት ፍቅር ነውን?

ሰው የወደደውን ነገር ከአጠገቡ ማኖር ይመኛል። ምኞቱም የሚያስነቅፍ አይደለም። ጥያቄ የሚነሣው የተወደደው ነገር ሕይወት ያለው በሆነ ጊዜ ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ከቦታው አንሥተን በእጃችን ስናስገባ ወደድነው ይባላልን ወይስ ያዝነው? ይህንን በአንዲት ትንሽ ምሳሌ እንመርምረው። ምሳሌያችን በመስታወት ዕቃ ውስጥ የምትተከለው ኦርኪድ የተባለችው አበባ ናት።

ኦርኪድ የሩቅ አገር አበባ ብቻ የምትመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ150 የሚበልጡ ዓይነቶች ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውም ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መመሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእነዚህ አበቦች አንዳንዶቹ በዛፍ ላይ፣ ሌሎቹ በምድር ላይ ይበቅላሉ። በዛፍ ላይ ያለችውን ያየ ሰው ተቀጽላ ትመስለዋለች። ይሁን እንጂ ተቀጽላ ሥሩን በዛፉ አካል ውስጥ ሰድዶ ውኃውን ይመጠምጣል። ኦርኪድ ግን በቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ ከዝናብና ከጉም ትጠጣለች፤ በቅርፊቱ ስንጥቅ ከተጠራቀመው ብስባሽም ትመገባለች። ያስጠጋትን ዛፍ አትመጠውም።

ተክልን በመስታወት ውስጥ የማሳደግ ዘዴ ናትናኤል ዋርድ በተባለ የለንደን ሐኪም ይታወቃል። ይህ ሰው በ1829 እ.ኤ.አ. ገደማ የእሳት ራት ሙሽሬ በክዳን በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ከአፈር ጋር አኖረ። ከአፈሩም ፈርንና ሣር በቀሉ። በከተማው የከሰል ጢስ ምክንያት በግቢው አልጸድቅ ያለው ፈርን በጠርሙሱ ውስጥ ጸደቀ። ምሥጢሩም ይህ ነው፤ ከቅጠሉና ከአፈሩ የሚወጣው እንፋሎት በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል።

ይህ ዘዴ ለእኛ ለደብረ ማርቆስ ሰዎች ጥቅም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ ክረምቱ ሲወጣ አየሩ ይደርቃል፤ የበጋው ሌሊትም ይበርዳል። መስታወቱ እርጥበቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሰው አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ዕቃ ወስዶ ከታች ጠጠር፣ ከላይም ከሰልና የዛፍ ቅርፊት ቁርጥራጭ ይደርድር። የዛፍ ኦርኪድ ሥር አየር ስለሚፈልግ በአፈር አይቀበር። ዕቃውን ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው መስኮት ላይ አያኑር፤ መስታወት ሙቀትን አምቆ ተክሉን ይቀቅላልና። ክዳኑንም ጨርሶ አይዝጋው።

ጀማሪዎች ኦርኪድን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድሏት በውኃ ብዛት ነው። ተጠማች ብለው ያዝኑላትና በየቀኑ ያጠጧታል፤ ሥሯም ይበሰብሳል። ሥሯን የሸፈነው ስፖንጅ የመሰለ ልብስ ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። እንግዲህ ውኃ መፈለጓን ራሷ ትናገራለች ማለት ነው። በደጋው እርጥብ ሣር መካከል በክረምት የሚያብቡት የምድር ኦርኪዶች ደግሞ በበጋ ቅጠላቸው ደርቆ፣ ድንች በመሰለ ሥራቸው ከመሬት በታች ያርፋሉ። እነዚህን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ በሆነ መስታወት ውስጥ ማኖር ዕረፍታቸውን መንሣት ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ዕውቀት የሌለው ርኅራኄም ያጠፋል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ዕውቀት ኖሮ ልክ ማጣት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ባለጸጎች በኦርኪድ ፍቅር አብደው ነበር። አልበርት ሚሊካን የተባለ አበባ ሰብሳቢ በ1891 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ በኮሎምቢያ ደን 10,000 ያህል ኦርኪዶችን ለማግኘት 4,000 ያህል ዛፎች እንደተቆረጡ ጽፏል። አበባይቱን ወደድን የሚሉ ሰዎች ማደሪያዋን በመጥረቢያ ጣሉ።

«ታዲያ ደኑ እየተመነጠረ አይደለምን? ከምትጠፋ በመስታወት ብትድን አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ ረቂቅ ነው፤ ስንቅም የለውም። ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር በ1899 እ.ኤ.አ. እንደደረሰበት፣ ዘሩ በተፈጥሮ የሚበቅለው የሚመግበውን ረቂቅ ፈንገስ ሲያገኝ ነው። ለፍሬም ቢሆን አብዛኞቹ ዓይነቶች የአበባ ዱቄት የሚያመላልስ ነፍሳት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በጠርሙስ ውስጥ ያለችው ብቸኛ ኦርኪድ ትኖር ይሆናል፤ ትውልድ መተካት ግን ይሳናታል።

በአገራችን በጎጃም የጥንት ዛፎች በአብዛኛው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ፕሮፌሰር ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በአንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ረድተዋል። ካቡን ከመስታወቱ ጋር እናነጻጽረው። ካቡ ከብቱን ይከለክላል፤ ንብን፣ ነፋስን፣ ዝናብን ግን ያስገባል። መስታወቱ ሁሉንም ይከለክላል። እንግዲህ መስታወት የሚዘጋ ሰው ዝናቡም፣ ነፋሱም፣ ጥላውም እርሱ ሊሆን ግዴታ ገብቷል።

ስለዚህ ኦርኪድ ማሳደግ ነውር ነው አልልም። በሰው እጅ ከተባዛች ተክል ጀምሮ ጠባይዋን እየተማረ የሚያሳድግ ሰው ትዕግሥትን ይማራል። ከደን መንቀል ግን ሌላ ነው። ነፋስ በጣለው ቅርንጫፍ ላይ ብትገኝ እንኳ፣ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ ቅርንጫፉን ወደ ዛፉ ጥላ መልሶ ማሰር፣ ወደ ቤት ከመውሰድ ይቀድማል።

ይህ ነገር በአበባ ብቻ አያበቃም። ጓደኛውን ከሌሎች ወዳጆቹ ለይቶ ለብቻው ሊያደርግ የሚሻ፣ እጮኛውን በጥርጣሬ የሚያጥር፣ ልጁ እንዳይወድቅበት መራመድን የሚከለክል ሁሉ መስታወት ይዟል። እኛም የምንወደውን በካብ እንጠብቀዋለን ወይስ በመስታወት እንዘጋዋለን? መልሱን እያንዳንዳችን በየቤታችን እንመርምር።