ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው?



ውድ አንባቢያን! ሰውን በሥራ ሰዓቱ ማወቅ ያስቸግራል። በሥራ ሰዓት አለቃ አለ፤ የሚፈረምበት መዝገብ አለ፤ ከቀሩ የሚቆረጥ ደመወዝ አለ። ስለዚህ በሰዓቱ መገኘታችን ስለ ማንነታችን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ቢሮው ከተዘጋ፣ መኪናው ከቆመ፣ ሱቁ ከተቆለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ማንም በማይጠራን በዚያ ሰዓት፣ ሳናቋርጥ በየቀኑ የምናደርገው ነገር ምንድን ነው? ለመሆኑስ ያ ሰዓት የማን ነው?

ይህን የምጠይቀው ከሎጊያ ሆኜ ነው። ሎጊያ አዲስ አበባን ከጅቡቲ በሚያገናኘው አስፋልት ላይ፣ ከሚሌ አልፎ ሰመራ ሳይደርሱ የምትገኝ የአፋር ከተማ ናት። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ ተሳቢዎቹ ሌት ተቀን ይመላለሱባታል፤ ሹፌሩና ረዳቱም አድረው ይሄዳሉ። ሰመራ የክልሉ መዲና ከሆነች ወዲህ ደግሞ ሎጊያ እያደሩ ሰመራ የሚሠሩ፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ከዚህ ሁሉ እንግዳ አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ‹‹እዚህ ለጊዜው ነው›› ይላል። መጽሐፍ የሚያነበው ዝውውሩ ሲመጣ ነው። ቁርኣን የሚቀራው ቤተሰቡ ዘንድ ሲመለስ ነው። በእግሩ የሚሄደው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ‹‹ለጊዜው›› የተባለው ግን ሲቆጠር አምስት፣ ሲቆጠር ስምንት ዓመት ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ ዓመት ከዕድሜው የማይቀነስ ይመስል!

ማታ ማታ ደግሞ የጫቱ ምርቃና አለ። በምርቃና ሰዓት የማይማር፣ የማይነግድ፣ ቋንቋ የማያጠና ሰው የለም። ዕቅዱ ሰፊ ነው፤ ንግግሩም ያማረ ነው። ሲነጋ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም አይገኝም። ጫትን እዚህ ላይ ማንሳቴ ለሌላ ጉዳይ አይደለም። ትልቅ ዕቅድ በራሱ ምንም እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ሠራን ብለን እንድንረካ አድርጎ ትንሹን ሥራ እንደሚያስቀርብን ለማሳየት ነው።

በሌላ በኩል የከባድ መኪና ረዳት የሚያደርገውን ልብ ይሏል። መኪናው በቆመ ቁጥር ይወርዳል፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ደክሞት እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይዞት እንደሆነ ራሱን አይጠይቅም። ቆመ፣ ወረደ፣ መታ፤ በቃ። ለጎማ ይህን ያህል የታመነ ሰው ለገዛ ልቡና ለገዛ አካሉ በቀን አንዴ መውረድ ለምን ያቅተዋል?

‹‹ሙቀቱን ሳታየው ነው የምታወራው›› የሚለኝ አይጠፋም። ሙቀቱ እውነት ነው፤ በሞቃቶቹ ወራት ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ደክሞ የገባን ሰው ‹‹ተነስ፣ ሁለት ሰዓት አንብብ›› ማለት ግፍ ነው። እኔም የምለው ያንን አይደለም። የምለው ሁለት ገጽ ነው፤ ሩብ ሰዓት መራመድ ነው፤ ለእናት አንድ ስልክ መደወል ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም። የአፋር ወንድሞቻችን ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ፀሐዩ ቢያቃጥልም፣ መንገዱ ቢርቅም ዳጉ አይቀርም፤ የተዛባ ወሬ ማስተላለፍም ነውር ነው። ዳጉን ያቆየው የሰዎቹ ትርፍ ጊዜ ወይም ምቾት አይደለም። መገናኘት ከሚባል ነገር ጋር ታስሮ መኖሩ ነው። ሰው ተገናኘ፣ ዳጉ ተጀመረ።

የዘመኑ ተመራማሪዎችም ወደዚሁ ይመጣሉ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። እያንዳንዱ አንድ ትንሽ ተግባር መርጦ ከቁርስ ወይም ከምሳ ጋር እንደማያያዝ ባለ ቋሚ አጋጣሚ ላይ እንዲያደርገው ነበር። ተግባሩ ያለ ትግል የሚመጣ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ እንደ ሰዉም ከ18 እስከ 254 ቀን ሊለያይ እንደሚችል አገኙ። አንድ ቀን መሳት ደግሞ ልማዱን እንደማያፈርሰው አስተዋሉ። እንግዲህ በሳምንቱ ‹‹አልሆነልኝም፣ ባሕርዬ አይደለም›› ብሎ የሚተው ሰው ገና መንገዱን አልጀመረውም። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ቋሚው አጋጣሚ በቀን አምስት ጊዜ ይመጣል። ሁለቱ ገጾች ከሱብሒ ጋር፣ እርምጃው ከዐስር ጋር፣ ስልኩ ከመግሪብ ጋር ቢታሰሩ ምን ያግዳል?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። በልማድ የተደረገ ነገር ልብ የለውም፤ ሰው ሳይሰማው የሚያደርገው መልካም ሥራ ማስመሰል አይሆንም ወይ? ኢማም አል-ገዛሊ ‹‹ኢሕያእ ዑሉሚ-ድ-ዲን›› በተሰኘው ሥራቸው ስለ ነፍስ ማረቅ ሲያስረዱ የጽሑፍ ባለሙያን ምሳሌ ያነሳሉ። ጽሕፈቱ እንዲያምርለት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ እየታገለ የባለሙያዎችን እጅ ይከተላል፤ ሲደጋግመው ግን ከራሱ የሚወጣ ተፈጥሮ ይሆንለታል። ምግባርም እንዲሁ ነው። ከልብ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይኖራል፤ እጅ ቀድሞ ልብን ሊጠራው ይችላል። ኒያውን በየጊዜው ማደስ ደግሞ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሥራዎች ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ማስተማራቸው በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተላልፎልናል። ወጣቱ ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ዘወትር ልጹም፣ ሌሊቱን ሁሉ ልቁም ሲል ሰውነቱም፣ ዓይኑም፣ ባለቤቱም ሐቅ እንዳላቸው ነግረው በወር ሦስት ቀን እንዲጾም መከሩት። እሱ ግን እየጨመረ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን በማፍጠር ላይ ጸና፤ ሲያረጅ ነው ያን ቅለት ተቀብዬ በሆነ ያለው። ጉልበት ባለበት ቀን የሚመረጥ ልክ፣ ጉልበት በሌለበትም ቀን የሚቻል መሆን አለበት ማለት ነው።

መንገደኛ ለበዛባት ለሎጊያ ይበልጥ የሚስማማ ሌላም ሐዲስ አለ። ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ፣ ጤነኛና ነዋሪ ሳለ ያደርገው የነበረው መልካም ሥራ እንዳደረገው ተቆጥሮ ይጻፍለታል። ታላቅ እዝነት ነው! ግን እናስተውል፤ የሚጻፈው ያደርገው የነበረው ነው። በደህናው ቀን ምንም ያልያዘ ሰው በመንገድ ቀኑ ምን ይጻፍለታል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ! ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት የእኛም፣ በእኛ ላይ ሐቅ ያላቸውም ሁሉ ነው፤ ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። ዝውውሩ ይመጣል ወይም አይመጣም፤ ሙቀቱ ይበርዳል ወይም አይበርድም። ዛሬ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ግን በእጃችን ነው። አንድ ትንሽ ነገር እንምረጥ፤ ከአንድ ሶላት ጋር እንሰረው፤ አንድ ቀን ካመለጠን በማግስቱ እንመለስበት። ሎጊያም የዕድሜያችን አገር ናትና።

ወላሁ አዕለም።