ውለታና ምክር

ወዳጅን መርዳት «እንደ እኔ ኑሪ» የማለት መብት ይሰጣልን? ይህን ጥያቄ የሚያመጣብኝ ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው፣ በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ልቦለድ ነው። የራማቱላዬም የአይሳቱም ባሎች ሁለተኛ ሚስት አገቡ። አይሳቱ ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ ራማቱላዬ ግን ቀረች። ባሏ ዞር ብሎ ሳያያት በአውቶቡስ ስትጋፋ ከርማ፣ አንድ ቀን የፊያት ወኪሎች መኪና እንድትመርጥ ጠሯት። ሙሉ ዋጋውን የምትከፍለው አይሳቱ ነበረች። «መጀመሪያ ፍቺው» የሚል ቃል ግን ከመኪናው ጋር አልመጣም።

እኛ ዘንድ ውለታ ብዙ ጊዜ ምክር አስከትሎ ይመጣል፤ ምክሩም ውሎ አድሮ ትእዛዝ ይሆናል። (እናቶቻችን ይህን ያውቁታል።) መጽሐፉን የተበደሉ ሴቶች መጽናኛ ብቻ አድርገው የሚያነቡ ሰዎች ይህችን ዝምታ የዘለሏት ይመስለኛል። አይሳቱ ለራሷ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነበር።

ራማቱላዬም ፍርሃቷን እንደያዘች መንዳት ተማረች።