የካሜራው ዐይንና የሰው ፍርድ

የመጀመሪያውን ደኅና ካሜራ ለመግዛት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ በላብ የሚገኝ ነውና። ሆኖም ከዚህ ጥያቄ ሥር፣ ከገበያው ይልቅ ሕሊናን የሚመለከት ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም መሣሪያው ላስቀረው ምስል ተጠያቂው ማን ነው? የሚል ነው።

በቅድሚያ የመጠን ነገር ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ምስሉን የሚገነባው በ10,000 ነጥቦች ብቻ ነበር፤ ያንኑ ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ለጀማሪ ከሚቀርቡት ካሜራዎች ብዙዎቹ 24 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሏቸው። ነጥቡ 2,400 እጥፍ ሆነ፤ ማስተዋልስ በዚያው ልክ አድጓልን? ብዕሩ የወርቅ በመሆኑ ቅኔው ወርቅ እንደማይኖረው ሁሉ፣ የነጥብ ብዛትም ብቻውን አስተዋይ ተመልካች አይፈጥርም።

ጀማሪው በቅድሚያ ሊማራቸው የሚገቡት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ ስፋት፣ መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ እንዲሁም አይ ኤስ ኦ የሚባለው የትብነት መጠን። ከሦስቱ በአንዱ ያተረፈ በሌላ በኩል ይከፍላል። ቀዳዳውን ያሰፋ ብርሃን ያገኛል፤ ካነጣጠረበት ነገር ፊትና ኋላ ያለው ግን ይደበዝዝበታል። መዝጊያውን ያዘገየ የምሽቱን ብርሃን ያጠራቅማል፤ የሚንቀሳቀሰው እጅ ግን ቅርጹን ያጣበታል። አይ ኤስ ኦውን ከፍ ያደረገ በጨለማ ያነሣል፤ ምስሉ ግን ይሻክርበታል። እንግዲህ ፎቶግራፍ ማንሣት ማለት ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚጠፋ መወሰን ማለት ነው።

ካሜራው በራሱ እንዲሠራ ሲተው ይህን የሚወስነው ማን ነው? ጥር 11 ቀን በጃን ሜዳ፣ በጥምቀት በዓል ላይ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከካሜራው ፊት ቆመዋል እንበል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ በተለመደው አሠራሩ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ከሚል መነሻ የተሠራ ነው። ስለሆነም ነጩ ልብስ ምስሉን ሲሞላው ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ የእናቲቱ ጠይም ፊት ደግሞ በጥላ ይዋጣል። ለፊታቸው ሲባል ብርሃን ከልክ በላይ ቢጨመር በሌላ በኩል የነጠላው ክርና ጥለት በንጣቱ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። መሣሪያው የታዘዘውን አማካይ ፈጽሟል፤ አማካይ ግን የማንም ሰው ፊት አይደለም።

ለመሆኑ ለመሣሪያ መመዘኛ የሚያወጣለት ማን ነው? በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች የቀለም ማመሳከሪያ አድርጎ ይልከው በነበረው ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረው የነጭ ሴት ምስል ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። «መሣሪያ አያዳላም» የሚለው አባባል፣ መሣሪያውን ያስተካከለውን የሰው እጅ ካለመመልከት የሚመጣ ነው።

በእርግጥ የዛሬዎቹ ካሜራዎች በርካታዎቹ የሰውን ፊት ለይተው ያገኛሉ፤ ብርሃኑንም ለፊቱ የሚያመዛዝኑ አሉ። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ፈጣን ድርጊት የሚከታተል ጋዜጠኛ ቢጠቀምበት አይነቀፍም። ነገር ግን ካሜራው ፊት የት እንዳለ ቢያውቅም፣ ከሐዘንተኛዋ ፊትና ከያዘችው መቋሚያ የትኛው ታሪኩን እንደሚናገር አያውቅም። ይህን የሚያውቅ፣ ስላወቀም የሚጠየቅበት፣ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት ምርጫው ራሱ መልክ ይይዛል። ለጀማሪ የሚበጀው፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ሦስቱን ውሳኔዎች ዐይን ከማነጣጠሪያው ሳይነሣ በጣት ለመለወጥ የሚመች ካሜራ ነው። ምስሉን ራው በሚባለው ጥሬ መልክ ማስቀረት ቢችል ደግሞ ይመረጣል፤ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት ራው 16,384 ይይዛልና በጥላ ከተዋጠው ፊት ብዙውን መልሶ ለማውጣት ያስችላል። ፈጽሞ የነደደ ንጣት ግን በራውም ቢሆን አይመለስም።

ሌንስን በተመለከተ የመሰንቆ ትምህርት ይበቃል። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ አዝማሪው ግን ደስታንም እንጉርጉሮንም ከዚያው ያወጣል። 35 ወይም 50 ሚሊሜትር የሆነ፣ የማይረዝም የማያጥር ሌንስ የያዘ ሰውም እንደዚሁ በእግሩ መሥራት ይኖርበታል። ከሩቅ ሆኖ የሰውን ፊት መንጠቅ ስለማይሆንለት መቅረብ፣ ሲቀርብም ሰላምታ መስጠትና ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የመሣሪያው ማነስ እዚህ ላይ የምግባር አስተማሪ ይሆናል።

ፊቱን ለካሜራ የሰጠ ሰው በአንሺው ላይ እምነት ጥሏል። ምስሉ ጨልሞ ሲወጣ «ካሜራው ነው» ማለት ለዚያ ሰው መልስ አይሆንም። ስለዚህ ጀማሪው የካሜራውን ዋጋ ከፍሎ ሲጨርስ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ይቀረዋል፤ እርሱም የሚከፈለው በወራት ልምምድ፣ በተበላሹ ብዙ ምስሎችና እያንዳንዱ ለምን እንደተበላሸ በመመርመር ነው።